ሦስት በርሜል ዝናብ እስከ ጥምቀት ያደርሳል?

መነሻው

ጎበዝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ የሚባል ሰፈር ነው። ግቢዬ ጠባብ ናት። ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን መደብ አለችኝ። ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ አለባት፤ ዳር ዳሩን ጤና አዳምና በሶብላ። ክረምቱን አትጠይቁኝ። ሁሉም በራሱ ጊዜ ይበቅላል፣ የኔ ሥራ አረም መንቀል ብቻ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ዝናቡ ያባራል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው። የመጣችዋም ለመጠጥ፣ ለወጥና ለልብስ ትሆናለች እንጂ ለጎመን አትተርፍም። ኅዳር ሲገባ ቆስጣዬ እንደ ወረቀት ትኮማተራለች።

ዘንድሮ ግን ቆርጬ ተነሳሁ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሳፋ ጠፈጠፍ ሥር ረስቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሞልቶ ይፈሳል። በዚያው ሳምንት ሠራተኛ ጠርቼ በቤቱ በአንድ ጎን አሸንዳ አሠራሁ። ከሥሩ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሦስት አቆምኩ። ሒሳቡንም ሠርቼዋለሁ። ቤቴ ስምንት በሰባት ሜትር ነው፣ 56 ካሬ። ጎንደር በዓመት ወደ 1,100 ሚሊሜትር ይዘንባል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። እንግዲህ አባዙት። ከ61,000 ሊትር በላይ ውሃ በየዓመቱ ጣሪያዬ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ወደ ቦይ እየለቀቅን በበጋ ጀሪካን ይዘን መንከራተታችን ሞኝነት ነው ባይ ነኝ። ሦስቱ በርሜሎች ከጥቅምት እስከ ጥምቀት ያደርሱኛል። የሞከራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ የጻፍኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር። የመጡትን መልሶች እንዳሉ ከማስቀመጥ በራሴ አፍ ላውራላችሁ። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ልጆች ባያነቡት ይሻላል። ተራ ቁጥራቸውን ግን አልነካሁም።

1ኛ

ከፒያሳ የጻፈ ወጣት ነው። አበጀሽ፣ በርቺ፣ እኔም እሞክራለሁ። ሌላ ነገር የለውም። እንዲህ ያለ መልስ ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፣ ሰው ያደፋፍራል።

2ኛ

አንዲት የአዘዞ እናት። እሷም አንድ በርሜል አላት፣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የምትጠቀምበት ጊዜ ግን ከኔ ተቃራኒ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ችግኝ ታፈላለች። የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ሰው ሁሉ መጣ ሲል ሰማዩ ለአሥር ቀን ይጠፋል። ያን ጊዜ ለጋው ችግኝ ሁለት ቀን ውሃ ካጣ አለቀለት። በርሜሏ የምታድናት ያኔ ነው። ለበጋው ግን ብዙ ተስፋ እንዳልጥል በዘዴ ነገረችኝ። በዘዴ ስለነገረችኝ አልሰማኋትም።

3ኛ

ወሽመጤን የቆረጠው ይሄኛው ነው። ጸሐፊው የውሃ ሥራ መሐንዲስ ነው። ትሁት ሰው ነው፤ እህቴ እያለ ነው የሚያርመኝ። ሚሊሜትሩን ወደ ሊትር የቀየርኩበትን መንገድ አመሰገነልኝ። ከዚያ መቀነስ ጀመረ። አሸንዳው በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ የምሰበስበው ከግማሹ ጣሪያ፣ ከ28 ካሬ ነው። የሚፈናጠቀው፣ ቆርቆሮው ላይ የሚደርቀው፣ ዶፍ ሲሆን አሸንዳውን ዘሎ የሚያልፈው ሁሉ ይወጣል። ለቆርቆሮ ከመቶ ሰማንያ እጁን ብትይዢ ይበቃል አለኝ። የኔ 61,000 በአንድ አንቀጽ ውስጥ ወደ 24,600 ወረደ።

በዚህ አላበቃም። ከዝናቡ የሚበዛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው የሚጥለው። ጎመኗ ያኔ ውሃ በቃኝ እያለች ነው። ጣሪያው ላይ የወረደው ወረደ፤ ቁም ነገሩ መስከረም ሲያልቅ ግቢዬ ውስጥ ስንት ሊትር ቆሞ ይገኛል የሚለው ነው። መልሱ 600 ነው፣ የሦስት በርሜል ልክ። የጓሮ አትክልት በበጋ ፀሐይ በካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 6 ሊትር ይፈልጋል። አምስት ብንል ለ12 ካሬዬ በቀን 60 ሊትር ነው። ጥቅምት 1 ብጀምር ጥቅምት 10 ማታ በርሜሎቹ ባዶ ናቸው። ከጥቅምት 1 እስከ ጥምቀት ዋዜማ ደግሞ ልክ 100 ቀን ነው። 6,000 ሊትር፤ ሠላሳ በርሜል። ሠላሳ በርሜል ግቢዬ ውስጥ ቢቆም እኔ የምቆምበት የለኝም።

4ኛ

አንድ ቀልደኛ። ምናልባት ጥቅምት ለማለት ፈልጌ ጥምቀት ብዬ ጽፌ እንደሆነ ጠየቀኝ። ፊደሎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ ይቅርታ ይደረግላታል አለ። 43 ሰው ወደደለት። የኔን መነሻ የወደዱት 11 ናቸው።

5ኛ

ይሄ እኔ ነኝ። ትንሽ ተናድጄ ነበር። መስከረምም እኮ ይዘንባል፣ በርሜሉ ሲጎድል ይሞላል፣ ሒሳቡ ላይ ይሄ የለም ብዬ ተሟገትኩ።

6ኛ

መሐንዲሱ ተመለሰ። ልክ ነሽ አለኝ። ለኔ ግማሽ ጣሪያ አሥር ሚሊሜትር ዝናብ ወደ 220 ሊትር ያመጣል፣ አንድ በርሜል ይሞላል። ስለዚህ መስከረም ላይ ሞልቶ የቆመ በርሜል አይኑርሽ፤ ሁለት ቀን ካላዘነበ አጠጪበት፣ ቀጣዩ ዝናብ ይተካዋል። ሞልቶ የቆመ በርሜል ላይ የሚወርድ ዝናብ ወደ ቦይ ነው የሚሄደው። ይህን በአዘዞዋ እናት አሠራር አስረዳኝ። እሷ በርሜሏን በዝናብና በዝናብ መካከል ላለው ክፍተት ነው የምታውለው፣ እኔ ግን ለመቶ ቀን ድርቀት። ያን ጊዜ ወደ 2ኛው መልስ ተመልሼ እንደገና አነበብኩት።

7ኛ

የጤና ባለሙያ ናት። በርሜሎቹ ክዳን አላቸው ወይ ብላ ጀመረች። የላቸውም ነበር። ያልተከደነ ውሃ የትንኝ መፈልፈያ ነው። ጎንደር ደጋ ነው፣ ወባ ከታች በጣና ዳር ያለው የደንቢያ ነው የሚል ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ለሱም መልስ ይዛ ነው የመጣችው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ አንድ አዲስ የወባ ትንኝ ዝርያ ተገኝቷል። ከእስያ የመጣ ነው። የሚወደውም ረግረግ ሳይሆን በየግቢው የሚቀመጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፣ በርሜል፣ ታንከር፣ ገንዳ። ከተማ ወዳድ ትንኝ። እዚህ ደርሷል አላለችም። ክደኚ፣ የአሸንዳው ውሃ በሚገባበት ቀዳዳም ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አድርጊ ነው ያለችው።

8ኛ እና 9ኛ

አንዱ ያረጀ አጎበር ቆርጦ በርሜሉ ላይ እንዳሰረ በኩራት ጻፈ። ባለሙያዋ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደረሰችለት። አጎበር የሚሰጠው ለአልጋ ነው፤ ለበርሜል፣ ለዶሮ ቤትና ለድርቆሽ ማሰሪያ አይደለም። ሰውዬው አርጅቷል እኮ ብያለሁ አላት። እሷም ያረጀ የሚለው ቃል ስንት አዲስ አጎበር እንዳስቀደደ ስለምታውቅ አልለቀቀችውም። እኔ ፀጥ አልኩ። ጓዳዬ ውስጥ አንድ ያረጀ አጎበር አለ፣ ዓይኔን ጥዬበት ነበር። በኋላ የቆየ ነጠላ አጥፌ አሰርኩበት።

10ኛ

ስለ መጀመሪያው ዝናብ። በጋውን ሙሉ ጣሪያ ላይ የተኛው አቧራ፣ የወፍ ኩስና የባሕር ዛፍ ቅጠል በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ያን ውሃ ወደ በርሜል ማስገባት አይገባም። መፍትሔው አለ ጸሐፊው፣ ወደ በርሜሉ ከሚገባው ቱቦ በፊት አንድ ሜትር የሚያህል ባለ 110 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ ቁልቁል አቁሚ፣ ታቹን ድፈኚ። የቆሸሸው እዚያ ይጠራቀማል፣ ንጹሑ አልፎ ይሄዳል።

11ኛ

መሐንዲሱ አሁንም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አንድ ሜትር ግን አይበቃም። ያ ቱቦ በሜትር ከ8 እስከ 9 ሊትር ነው የሚይዘው። የመጀመሪያውን አንድ ሚሊሜትር ልጣል ካልኩ ከ28 ካሬ 28 ሊትር ነው፤ ቱቦው ከሦስት ሜትር በላይ መሆን አለበት፣ ግድግዳዬ ደግሞ ያን ያህል አይረዝምም። ስለዚህ ቱቦውን ተዪውና የመውረጃውን አፍ በእጅሽ አዙሪ አለኝ። ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዝናቦች ወደ መደቡ ልቀቂ፣ ከዚያ ወደ በርሜሉ መልሺ። ለመደብ የወፍ ኩስ መድኃኒቱ ነው። ይሄ አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ ምክር ነው፣ ከሁሉም ወደድኩት። የባሕር ዛፉን ቅጠል ግን ከአሸንዳው ልቀሚ ብሏል፣ ብስባሹ ለሚበቅል ዘር አይስማማም።

12ኛ

የበለሳ ልጅ ነው። ይህ መልስ ረጅም ነው፣ ሐዘንም አለበት። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በአማራና በትግራይ ገጠሮች የውሃ ማቆር ዘመቻ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ጉድጓድ ይቆፍር፣ ጎርፉን ያቁር፣ በበጋ አትክልት ያልማ ተባለ። አባቱ ቆፈሩ። እሱ ያኔ ተማሪ ነበር፣ አፈር አወጣ። የውስጡ ልባስ ፕላስቲክ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሞላ፣ ሰው ሁሉ እየመጣ አየው። ፍየሎች ለመጠጣት ሲወርዱ ፕላስቲኩን በኮቴያቸው ቀደዱት። በሁለተኛው ዓመት ውሃው ወደ መሬት ሰረገ። በሦስተኛው አንዲት ጥጃ ገብታ ቀረች። አባቱ ከዚያ በኋላ እሾህ አጠሩበትና ተዉት። በየመንደሩ እንዲህ ሆነው የቀሩ ብዙ ነበሩ።

ለምንድን ነው ይህን የምነግራት አለ፣ ስለኔ መሆኑ ነው። ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ ሠላሳ በርሜል ልታክል እንዳይሆን። ክፍት ውሃ በበጋ ፀሐይ በቀን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይተንናል። በመቶ ቀን ግማሽ ሜትር ነው። የጉድጓዱ ጥልቀት አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ ሲሶውን ፀሐይ ጠጣችው ማለት ነው፣ ገና አንድ ጎመን ሳይጠጣ። ሐሳቡን ግን አልጠላውም። አንድ ጎረቤታቸው ጉድጓዱን በሲሚንቶ ለስኖ፣ በእንጨትና በሣር ከድኖ፣ አጥሮ ነበር። እሱ ለብዙ ዓመት ሽንኩርት ሸጠ። ልዩነቱ ክዳንና አጥር ነው አለ። ልጅ ያለበት ግቢ ከሆነ ክዳኑ መቆለፍ አለበት። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ነው የጻፈው።

13ኛ

ሌላ የአዘዞ ሰው ሲሚንቶም ቢሆን እንዳትተማመኑ ሲል ጨመረ። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። እሱ ከመሬት በታች ያሠራው ገንዳ በሁለት ዓመት ውስጥ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። የሠራለትን ግንበኛ ረገመ። ግንበኛው ምን ያድርግ፣ ዋልካው ነው።

14ኛ

እዚህ ላይ ነገር ከረረ። አንድ ተከራይ ነው። እናንተ ግቢ ያላችሁ፣ ጣሪያ ያላችሁ፣ በርሜል የምትገዙ ተሰብስባችሁ ስለ ጎመን ትፈላሰፋላችሁ አለ። እሱ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። በረንዳው ላይ ባልዲ ቢያስቀምጥ አከራዩ ውሃ ግድግዳዬን ያበሰብስብኛል ብለው አስነሱት። የአንድ ሮቶ ዋጋ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ ወይ አለ። ሌላም ብሏል፣ አልጽፈውም።

15ኛ

አንዱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ከማማረር ዝም ማለት ይሻላል አለው። ይሄኛው መልስ አልነበረም፣ ጥፊ ነው። ከዚያ ሁለቱ አራት አምስት ጊዜ ተመላለሱ። የተመላለሱትን በቁጥር አላስገባሁትም።

16ኛ

የአዘዞዋ እናት ገባችና አበረደችው። ወንድሜ ብላ ነው የጀመረችው። የአከራዩ ፍራቻ እውነት አለው አለች። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ከበርሜል ሞልቶ የሚተርፍ ውሃ መሠረቱን ይበላዋል። በርሜል ያለው ሁሉ የትርፉን ውሃ መውጫ አስቀድሞ ማሰብ አለበት፣ አለዚያ ከጎረቤትም ያጣላል። ለተከራዩ ደግሞ ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልቶ ቆስጣ እንዲተክል፣ ሩዝና አትክልት ያጠበበትን ውሃ እንዲያጠጣ መከረችው። የልብስ ማጠቢያውን ውሃ ግን አይሆንም፣ የዱቄት ሳሙናው ጨው ነው፣ አፈሩን ያበላሸዋል። ተከራዩ አመሰገናት። አከራዩ ከረጢትም ይከለክሉኛል ብሎ ግን ተጠራጠረ።

17ኛ

ከርዕሱ መውጣት የጀመርነው እዚህ ነው። አንዱ ጎንደሬ ዝናብ ማጠራቀም ከፋሲል ጀምሮ ያውቅበታል፣ የፋሲል መዋኛ ምስክር ነው ብሎ ደረቱን ነፋ።

18ኛ

አስጎብኚ ነው። በአንድ መስመር አረመው። የፋሲል መዋኛ የሚሞላው በቦይ ከሚመጣው የቀሃ ወንዝ ውሃ ነው፣ ከጣሪያ አይደለም። ጥምቀት ሲቃረብ ነው የሚሞላው። ስለዚህ ውሃን ከሚገኝበት መርቶ ለሚፈለግበት ቀን ማቆየት ለማለት ከሆነ እሺ፣ ዝናብ ማቆር ለማለት ከሆነ ግን አይሆንም አለ። የ17ኛው ሰው ያው ነው አለው። ያው አይደለም።

19ኛ

ቀሃ ከተነሳ አንገረብም ይነሳል። ለከተማው ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ከላይ ካሉት ተራሮች በሚመጣ ደለል እየሞላ መሆኑን የነገረን ሰው አለ። ቀሃም አንገረብም ወደ መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ደግሞ ጣና። ከየጣሪያችን የምንለቀው ጎርፍ የየመንገዱን አፈር ጠርጎ እዚያ ነው የሚያደርሰው አለ። ትክክል ነው፤ ግን ስለ መገጭ ግድብ ሰባት አንቀጽ ጻፈ። ሰባቱንም አነበብኩ። ጎመን የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

20ኛ

አያቷ ዝናብ በሸክላ ጋን ይቀበሉ እንደነበር ያስታወሰች ልጅ። በጠፈጠፉ ውሃ ፀጉር ይታጠቡ ነበር፣ ለስላሳ ነው ይሉ ነበር። ባቄላም በሱ ሲቀቀል ቶሎ ይበስላል። መሐንዲሱ ይህንንም አረጋገጠ። የዝናብ ውሃ ከመሬት ያገኘው ካልሲየም የለውም፣ ጥራጥሬ የሚያጠነክረው እሱ ነው። የጤና ባለሙያዋ ወዲያው፣ ለመጠጥ ግን ሳታፈሉ እንዳትሞክሩ አለች። ሰላጣም በዚህ ውሃ የምታለሙ ከሆነ ቅጠሉ ላይ አትርጩ፣ ሥሩ ላይ አፍስሱ፤ ወፍና ድመት ጣሪያ ላይ የሚሠሩትን እናንተ አታዩም አለች። ድመቴን አየኋት። እሷም አየችኝ።

21ኛ

ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ገዝቶ በድንጋይ ካብ ላይ ያቆመ ሰው። ሰኔ ላይ ሞላ። ሁለት ሺህ ሊትር ሁለት ቶን ነው። ካቡ አንድ ሌሊት ዘመመ፣ ሮቶው የዶሮውን ቤት ይዞ ወደቀ። ዶሮዎቹ ተርፈዋል። አውራ ዶሮው ግን ከዚያ ወዲህ ሌሊት አይጮህም ብሏል፣ ይሄን እንጃ። እኔ ወጥቼ የበርሜሎቼን መቆሚያ አየሁ። አንዱ በርሜል ሲሞላ 200 ኪሎ ነው፣ የቆመው በሁለት ብሎኬት ላይ። አወረድኩት።

22ኛ

የደንቢያ ሽማግሌ ናቸው። የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ልጄ አሉኝ። እኔ ሒሳብ አላውቅም፣ ግን መሬቱ ራሱ በርሜል መሆኑን ማን ደበቀሽ አሉ። በሳቸው አገር ዝናቡ ሲያባራ፣ ዋልካው ገና እርጥብ ሳለ፣ ሽምብራ ይዘራል። ከዚያ በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ ማንም አይሰጠውም። ባፈሩ እርጥበት አድጎ እሸቱ ይደርሳል። አሥራ ሁለት ካሬውን ሁሉ ጎመን ለማድረግ ለምን ትታገያለሽ? አራቱን ለጎመን ያዢ፣ ስምንቱን መስከረም ላይ ሽምብራ ዝሪበት። የጎመኑን ግርጌ ደግሞ በገለባ አልብሺው፣ ፀሐይ አፈሩን አትየው።

23ኛ

መሐንዲሱ አባቴ ብሎ መለሰላቸው፣ ሒሳቡንም እሱ ሠራላቸው። እንዲህ ያለ ከባድ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ በካሬ ከ100 ሊትር በላይ ለተክል የሚሆን ውሃ ይይዛል። ስምንቱ ካሬ ብቻ ከ800 ሊትር በላይ ነው። ከሦስቱ በርሜሌ ይበልጣል። ክዳን አይፈልግ፣ ትንኝ አያፈላ፣ አይወድቅ። እኔ ለሁለት ወር ጠፈጠፍና አሸንዳ ስቆጥር ከእግሬ ሥር ያለውን አላየሁም። እሳቸውን አመስግኜ ረጅም መልስ ጻፍኩ። የልጅ ልጃቸው እንዳነበበላቸውና እንደሳቁ ነገረኝ።

24ኛ

አንዱ በሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ ወግቶ፣ ከቃሪያው ሥር ዘቅዝቆ መትከል አለ። ሌላው ለጠብታ መስኖ የሚሆን ቱቦ ገዝቶ ከበርሜሉ ጋር አያይዞ ነበር፤ ውሃው ከመስመሩ ሲሶ አላለፈም። በርሜሉ መሬት ላይ ከሆነ የሚገፋ ኃይል ከየት ይመጣል? አንድ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ስለ ሮቶው ካነበበ በኋላ ግን ከፍ ማድረጉን ፈራ።

25ኛ

ይህን የጻፈችው የግብርና ተማሪ ናት። ያልተሟሸ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቅበሪ፣ ውሃ ሙዪ፣ ክደኚው፣ ዙሪያውን ትከዪ። ሸክላው ውሃውን ቀስ እያለ ያወዛል። አፈሩ ሲደርቅ ይስባል፣ ሲርስ ይተዋል። ላይ ላዩን ስለማይረጥብ ለፀሐይ የሚሄድ የለም፣ አረምም ያንሳል። አሥር ሊትር የሚይዝ ማሰሮ በዙሪያው ግማሽ ሜትር ያህል ያጠጣል፣ በሦስት በአራት ቀን መሙላት ነው። ቻይናዎች ይህን ከ2,000 ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች። ከተሟሸ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ዋጋ የለውም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ወለቃ ሄድኩ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፣ ሸክላ የሚሠሩት እዚያ ናቸው። ሁለት ማሰሮ መረጥኩ። ሠሪዋ አሟሻሹን ልትነግረኝ ጀመረች፣ በምን እንደምለቀልቀው፣ ስንት ጊዜ እሳት ላይ እንደምጥደው። አላሟሸውም፣ ልቀብረው ነው አልኳት። እጇን ከሸክላው ላይ አንስታ አየችኝ። ምን አድርጎሽ ነው የሚል ፊት ነው። ነገሩን ሳስረዳት ለሚቀበር ከሆነ ብላ ከኋላ አፉ ትንሽ የተሸረፈ አንድ ሦስተኛ መርቃ ጨመረችልኝ።

26ኛ

ተከራዩ። ከረጢቱን አከራዩ አልከለከሉትም። እንዲያውም ለኛም አንድ ትከልልን ብለውታል። ከ15ኛው ሰው ጋር ግን አሁንም አይነጋገሩም።

27ኛ

የ4ኛው ቀልደኛ ነው። ዛሬ ጥቅምት 10 ነው፣ የበርሜሎቹን ለቅሶ ልንደርስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀኑን መዝግቦ ይዞ ኖሯል።

ወጥቼ እንጨት እየከተትኩ ለካሁ። ጎመኗ አሁን አራት ካሬ ናት፣ በቀን ሃያ ሊትር፣ ሦስቱ ማሰሮዎች መካከሏ ተቀብረዋል። ሽምብራው በቅሏል። አንዱ በርሜል አልቋል፣ ሁለቱ አፍ እስከ ገደፋቸው ሙሉ ናቸው። ይህንኑ ጻፍኩለት፣ ከፎቶ ጋር። እሱም በጣም ጥሩ፣ ሁለቱ ታዲያ እስከ ጥምቀት ያደርሳሉ ወይ አለኝ።

ስልኬን አጥፍቼ ጎመን ልቀጥፍ ወጣሁ።